ብሩን ቋጥሮ ወደ ከተማ

ቅዳሜ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ገደማ። ሐረር ጁገል ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ቁርስ ቤት ሊጥ የምትዘረጋው ሴት ክንዷ እስከ ክርኗ በዘይት ወዝቷል። ድቡልቡሏን ሊጥ በመዳፏ መታ መታ ታደርግና ጠርዝ ጠርዟን ይዛ ትስባለች። ሊጡ እየሳሳ እየሳሳ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ ቀለም ወለል ብሎ ይታያል። ያኔ አንስታ ምጣዱ ላይ ትጥለዋለች፤ እንቁላሉን መሐሉ ላይ አፍስሳ አራቱንም ጠርዝ ታጥፈዋለች። ግራና ቀኙ ወርቅማ ሲሆን በቢላ ቆራርጣ ማር ታፈስበታለች። ፈቲራ ነው።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁት ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ዓርብ አመሻሽ ላይ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ወርደው፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተው፣ ሐሮማያንና አወዳይን አልፈው ሐረር ሲገቡ ጨልሞ ነበር። ሰኞ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ስለሆነ ሦስት ቀን ሙሉ የራሳቸው ነው። ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ውሎ ነበርና ገና በዓለ ኀምሳ ላይ ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ልጆቹ አያታቸው ዘንድ ቀርተዋል። በ11 ዓመት ትዳራቸው ሁለቱ ብቻቸውን፣ ለመብላትና ለማረፍ ብለው ብቻ ከቤት ሲወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ሚስት የመጀመሪያዋን ቁራሽ ቀምሳ፣ “ማሩን ቅመሰው እስቲ!” አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “በዚህ ጉዞ ገንዘብ ግን የእማዬ የስንት ወር አስቤዛ ይሸፈን ነበር?” ስትል ጠየቀች።

ባልየው መልስ አልነበረውም። መብላቱን ግን አላቆመም፤ እሷም አላቆመችም።

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር ድግስ ምክንያት ይፈልጋል፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ማኅበር፣ ዝክር፣ ተዝካር፣ ዓመት በዓል። ምክንያቱ ካለ ሰንጋ ቢጣል፣ ጠጅ ቢንቆረቆር ማንም ቅር አይለውም፤ ተበድሮ የደገሰውም ይመሰገናል። ሁለት ሰዎች ስለተዋደዱ ብቻ፣ ጥሩ ምግብ ስላማራቸው ብቻ ገንዘብ አውጥተው ሌላ ከተማ ሲሄዱ ግን ነገሩ “ቅንጦት” ይባላል። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው ተረት ከልጅነት ጀምሮ ጆሮ ላይ ያቃጭላል። ጉዞም ቢሆን ምክንያት ይፈልጋል። ይህን የምሥራቅ መንገድ አብዛኛው የመሐል አገር ክርስቲያን የሚያውቀው በቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ስለት ይዞ የሚጎርፈው ሕዝብ ለማንም ማብራሪያ መስጠት አይጠበቅበትም። እነዚህ ባልና ሚስት “ቁልቢ ነን” ቢሉ ኖሮ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ሁሉ “ለእኛም ጸልዩልን” ይላቸው ነበር። “ሐረር ፈቲራ ልንበላ ነው” ሲሉ ግን ሰው ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

ታዲያ የሃይማኖት መጻሕፍቱ ራሳቸው ስለዚህ ነገር ምን ይላሉ? ብዙ ሰው የሚጠብቀውን አይደለም።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ላይ ስለ ዐሥራት የተጻፈ ሕግ አለ። እስራኤላዊው የእህሉን፣ የወይኑን፣ የዘይቱን ዐሥራትና የከብቱን በኵር እግዚአብሔር ወደ መረጠው ስፍራ ወስዶ በዚያ እንዲበላ ታዟል። መንገዱ ከራቀበትና መሸከም ካቃተው ግን ሸጦ ገንዘብ ያደርገዋል፤ ብሩን በእጁ ቋጥሮ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስስ? ነፍሱ የፈለገችውን ይገዛል። በሬ ቢሆን በሬ፣ በግ ቢሆን በግ፣ ወይን ጠጅ ቢሆን ወይን ጠጅ፣ የሚያሰክር መጠጥም ሳይቀር። ከቤተሰቡ ጋር በአምላኩ ፊት ይበላል፣ ደስም ይለዋል። ይህ ምክር ወይም ፈቃድ ሳይሆን የታዘዘ ሕግ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት “ሁለተኛው ዐሥራት” ብለው ስም አወጡለት፤ በሕግ መጽሐፋቸው በሚሽናም ራሱን የቻለ ክፍል ሰጡት።

እርግጥ ያ ጉዞ ወደ ቤተ መቅደስ እንጂ ወደ እንግዳ ማረፊያ አልነበረም፤ ልዩነቱን መሸፋፈን አይገባም። ያም ሆኖ ሕጉ የሚገርም ነገር አለው። ለእግዚአብሔር የተለየውን ገንዘብ ሰውየው አመድ ላይ ተቀምጦ እንዲያለቅስበት አላዘዘውም። ወደ ከተማ ውጣ፣ ያማረህን ግዛ፣ ከቤተሰብህ ጋር ብላ፣ ደስ ይበልህ አለው። ደስታው ራሱ የአምልኮው ክፍል ነበር። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ያክላል፤ በደጅህ ያለውን ሌዋዊ አትርሳው። በየሦስተኛው ዓመት መጨረሻም ዐሥራቱ ጨርሶ ወደ ከተማ አይሄድም፤ እዚያው መንደር ይቀመጥና ርስት የሌለው ሌዋዊ፣ መጻተኛው፣ ድኻ አደጉና መበለቲቱ መጥተው ይጠግቡበታል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ሰውየውን “በመደሰትህ እፈር” አይለውም። “ስትደሰት በደጅህ ማን አለ?” ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሁለቱ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰውን አንገት ያስደፋል፤ ከዚያ በላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ሁለተኛው ግን በስም የሚታወቁ ሰዎችን ፊት ለፊት ያቆማል።

ሐረር ይህን ለማሰብ ተስማሚ ከተማ ነው። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። ግንቡ የሚያቅፈው ቦታ ግማሽ ስኩዌር ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ዩኔስኮ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ግን 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካነ መቃብሮች እንዳሉት መዝግቧል። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ በጥር 1879 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዙ በኋላ የተሠራው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ባልና ሚስቱ ያረፉት ከግንቡ ውስጥ፣ በአንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው። ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፈለ ነው፤ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በስፌትና በሳህን አጊጧል። በጎን በኩል ኪርታት የምትባል አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። በጥንቱ ወግ አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከሥራና ከሰው ዓይን ተከልለው የሚያሳልፉባት ክፍል ናት፤ ምግብም እዚያው ይገባላቸዋል። ዘዳግም ምዕራፍ 24ም አዲስ ያገባ ሰው አንድ ዓመት ወደ ጦርነት እንዳይዘምት፣ ሌላ ግዴታም እንዳይጫንበት፣ ቤቱ ተቀምጦ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ይደነግጋል። ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች አንድ ነገር አይተዋል፤ ባልና ሚስት ለብቻቸው የሚሆኑበት ቦታና ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል። የሚያሳዝነው ከሙሽርነት በኋላ ማንም ይህን አለመስጠቱ ነው። 11 ዓመት የሞላው ትዳር ኪርታት የለውም።

በእስልምናም ጉዳዩ ገና ከጥዋቱ ተነስቷል። ቡኻሪ ከመዘገባቸው ሐዲሶች አንዱ የሰልማን አል ፋርሲንና የአቡ ደርዳን ታሪክ ያወሳል። ሰልማን ወንድሙን ሊጠይቅ ሲመጣ የቤቱ እመቤት ኡሙ ደርዳ ራሷን ጥላ፣ ያረጀ ልብስ ለብሳ አገኛት። ምን ሆነሽ ቢላት፣ ወንድምህ ለዚህች ዓለም ጉዳይ የለውም አለችው። አቡ ደርዳ ቀን ይጾማል፣ ሌሊት ሲሰግድ ያድራል። ምግብ ቀርቦ እሱ ጾመኛ ነኝ ሲል ሰልማን ካልበላህ አልበላም ብሎ አስበላው፤ ሌሊቱም ሳይጋመስ ሊሰግድ ሲነሳ ተኛ ብሎ መለሰው። ሊነጋ ሲል አብረው ሰገዱ። ከዚያም ሰልማን ጌታህ በአንተ ላይ ሐቅ አለው፣ ነፍስህም ሐቅ አላት፣ ቤተሰብህም ሐቅ አለው፣ ለሁሉም ሐቁን ስጥ አለው። ነገሩ ነቢዩ ዘንድ ሲደርስ ሰልማን እውነቱን ነው ተባለ።

ሐቅ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ክብደት አለው። ሐቅ ማለት ልግስና አይደለም፤ ዕዳ ነው። ለሚስት የሚሰጥ ጊዜ፣ አብሮ የሚበላ ምግብ፣ ፊቷን እያዩ የሚያወሩት ወሬ ሥራ ሲተርፍ የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን የሚጠየቁበት ዕዳ ነው ማለት ነው። ባሎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ሚስቶችም እንዲሁ።

የሚስትየዋን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካው ግን ሌላ ሐዲስ ነው። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ መካ ላይ ታሞ ሳለ ነቢዩ ሊጠይቁት ሄዱ። ሰዕድ ባለሀብት ነበር፤ ወራሹ ደግሞ አንዲት ሴት ልጁ ብቻ ነበረች። ከንብረቴ ሁለት ሦስተኛውን ሰደቃ ላውጣ? ብሎ ጠየቀ፤ አይሆንም ተባለ። ግማሹንስ? አይሆንም። ሲሶውንስ? ሲሶ ይሁን፣ ሲሶም ብዙ ነው ተባለ። ቀጥሎ የመጣው ነገር ለእኛ ለጉርሻ አገር ሰዎች በጣም ቅርብ ነው፤ ለአላህ ተብሎ የሚወጣ ወጪ ሁሉ ምንዳ አለው፣ በሚስትህ አፍ የምታደርጋት ጉርሻ እንኳን ሳትቀር።

የሰዕድ ጥያቄና የቁርስ ቤቷ ጥያቄ አንድ ናቸው። ያለኝን ለሌላው አውጥቼ ብጨርሰው አይሻልም? መልሱ ለችግረኛ የሚሰጠውን አላቃለለም፤ ሲሶ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የቤቱን ጉርሻ ግን ከምጽዋት ተቃራኒ አድርጎ አላስቀመጠውም፤ እዚያው ምጽዋቱ መዝገብ ላይ ጻፈው።

በክርስቲያኑ በኩል ያለው ችግር ለየት ይላል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ሰባቱን አጽዋማት በሥርዓት ቢጾም ከዓመቱ 180 ቀን ያህሉ ይጾማል፤ ካህናትና መነኮሳት የሚጾሙት ሲደመር 250 ይደርሳል። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። በጾም ከሥጋና ከወተት ብቻ ሳይሆን ባልና ሚስት ከመኝታም ይለያያሉ። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው ደስታን በጥርጣሬ ዓይን ቢያይ አይፈረድበትም።

ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብ የሚባለው የግእዝ መጽሐፍ ይህን ፊት ለፊት ይሟገታል። ታሪኩ እንደሚለው ዘርአ ያዕቆብ የአክሱም አካባቢ ሰው ነው። በዐፄ ሱስንዮስ የሃይማኖት ውዝግብ ዘመን ሸሽቶ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ኖረ፤ በኋላም እንፍራዝ ገብቶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ጸሐፊ ሆነ። (መጽሐፉን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ ጽፎታል የሚሉ አሉ፤ ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ ይህን ክርክር እ.ኤ.አ. በ1920 ካነሳ ወዲህ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ለዚህ ጽሑፍ ሐሳቡ ይበቃል።) ዘርአ ያዕቆብ ምንኩስናን ከጋብቻ በላይ ማድረግ የፈጣሪን ጥበብ መንቀፍ ነው ይላል፤ የጾም ሕግንም በአእምሮ ብርሃን መርምሮ ይተቸዋል። ራሱም በሀብቱ ቤት የነበረችውን ኂሩት የምትባል አገልጋይ አገባ። ጌታዋ አገልጋይህ ትሁን ሲለው አይሆንም፣ ሚስቴ ናት፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው አለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው አፍ ውስጥ የተቀመጠው ይህ አባባል ዛሬም የማይዋጥላቸው ብዙ ናቸው።

ስለ ጋብቻ ዘርአ ያዕቆብ ልክ ነው። ስለ ጾም ግን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አይስማማም። ያችን ፈቲራ ጣፋጭ ያደረጋት ማሩ ብቻ አይደለም። ሴትየዋ ከሁለት ሳምንት በፊት የፈታችውን 55 ቀን ጾማ ነው የመጣችው፤ እንቁላል ለምላሷ ገና አዲስ ነበር። የፍስኩን ቅርጽ የሠራለት ጾሙ ነው። ሐረሪዎችም ይህን ያውቁታል። ከረመዳን በኋላ በሸዋል ወር ስድስት ቀን ይጾማል፤ ጾሙ ሲያልቅ ሹዋሊድ የሚባለው የሦስት ቀን በዓል ይከበራል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ የመዘገበው ይህንኑ ነው። ዓመቱን ሙሉ ድግስ የሚበላ ሰው ይህን ደስታ በምን ያገኘዋል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ተጠራ። የሐረር ቡና ከነፍሬው በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ታጥቦ አይፈለፈልም፤ ሲቆላ የበሰለ ፍሬ ሽታ አለው። ከእሱ በፊት ግን የቤቱ እመቤት ሌላ ነገር አቀረበች፤ ሆጃ፣ ከቡናው ገለባ ተፈልቶ ወተትና ጨው የገባበት። ቅጠሉም አይጣልም፤ ታምሶና ተፈልቶ ቁጢ ይሆናል። ፍሬው ለገበያ፣ ገለባውና ቅጠሉ ለቤት። ሚስትየዋ ሆጃውን ፉት ብላ ሳለ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት። ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ምሳ በልተዋል፣ ትንሹ ብቻ አስቸግሮ ነበር፤ እሱንም ሠራተኛዋ አዝላ አስተኝታዋለች።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሚስትየዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሠራተኛዋ። ከልጆቹ ጋር አያታቸው ቤት የሄደች ሠራተኛ። ለእነሱ ሦስት ቀን ዕረፍት የሆነው ለእሷ ሦስት ቀን ሥራ ነው፤ ያውም በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ማዕድ ቤት።

የሰንበት ሕግ እዚህ ላይ ሲነበብ ሌላ ድምፅ አለው። ዘጸአት 20ም ዘዳግም 5ም ሰንበትን ሲያዝዙ አንተ ዕረፍ ብለው አያቆሙም። ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ ሎሌህ፣ ገረድህ፣ በሬህ፣ አህያህ፣ በደጅህ ያለው መጻተኛ ብለው ይዘረዝራሉ። ዘዳግም ምክንያቱን ጭምር ያስቀምጣል፤ ሎሌህና ገረድህ እንዳንተ እንዲያርፉ፣ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ። ኢትዮጵያ ደግሞ ስለ ሰንበት ከማንም በላይ የተሟገተች አገር ናት። አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተሰደው በአርመን አገር አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ለብዙ ዘመን ከማዕረገ ክህነት ተገለሉ፤ ተከሰሱ፤ አቋማቸውን ግን አልለቀቁም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በሸዋ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ዛሬ ብዙው ዓለም ቅዳሜና እሑድ ሲያርፍ ያየ ሰው የእነዚያን መነኮሳት ጽናት ማስታወስ ይገባዋል። እነሱ የተሰደዱለት ዕረፍት ለባለ ሥልጣንና ለባለ ጸጋ የተለየ አልነበረም፤ ገረዷም በሬውም ያሉበት ነበር።

የዛሬው ሕግስ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት ከ24 ተከታታይ ሰዓት የማያንስ ዕረፍት ይሰጣል። በግለሰብ ቤት የምትሠራዋን ሴት ግን በቀጥታ አይሸፍናትም፤ የእሷን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ትቶታል። ዘዳግም በስም የጠቀሳት ገረድ ከዘመናዊው ሕግ በር ውጭ ቆማለች። ይህ የሕግ አውጪ ጉዳይ ነው፣ እኛ ምን እናድርግ የሚል ሰው ይኖራል። ለቤት እመቤትና ለአባወራ ግን አዋጅ መጠበቅ ግድ አይደለም፤ ሰንበትን ለመስጠት የወር ደመወዝና ቀና ልብ ይበቃል።

እሑድ ጧት ባልና ሚስቱ መድኃኔ ዓለም አስቀድሰው ወደ ግድር መጋላ ገበያ ወረዱ። ሥጋ ተራው ላይ ጭልፊቶች ያንዣብባሉ፤ ሥጋ ይዞ የሚወጣ ሰው ከተዘናጋ ከእጁ ነጥቀውት ይሄዳሉ። የግመል ሥጋም ይሸጣል። ክርስቲያኖቹ ጥንዶች ግመል አይበሉም፣ ዘሌዋውያን 11 ይከለክላልና፤ ከሙስሊም እርድም በልማድ አይበሉም። በኢትዮጵያ ይህ የታወቀ ነው። ሃይማኖት ሁለቱን ጎረቤቶች በብዙ ነገር ያቀራርባቸዋል፤ ሥጋ ላይ ግን ይለያቸዋል። ባረፉበት ቤት ሥጋ ያልቀረበላቸውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ገና ዓርብ ማታ እመቤቲቱ የጠየቀቻቸው፣ “ክርስቲያን ናችሁ ሙስሊም?” ብላ ነው። ሌላ ቦታ ቢጠየቅ ክፉ ሊመስል የሚችል ጥያቄ ነው፤ እሷ ግን የጠየቀችው ድስቷን አስባ ነው። ከዚያ በኋላ ያቀረበችላቸው ሁሉ እርድ የሌለበት ሆነ፤ እንቁላል፣ አትክልት፣ ዳቦ፣ ማር፣ ሐልዋ።

አንዳንድ ሰው ይህን መለያየት እንደ ነውር ያየዋል፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ቢበላ ይሻላል ይላል። ይሁንና ወሎ ውስጥ ሠርግ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያውቃል። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በጉን ወይም ሰንጋውን ለብቻ ያስረክባል፤ እነሱ ራሳቸው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት ያበስላሉ፣ በዚያው ድግስ ላይ ይበላሉ። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ ያደርጋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሥጋ ሲጽፍ የወንድሙ ኅሊና የሚሰናከል ከሆነ ሥጋውን ጨርሶ እንደሚተወው ይናገራል። የወሎ ደጋሽ ሥጋውን አልተወም፤ ሁለተኛ ድስት ጣደ። ሁለተኛ ድስት መጣድ ወጪ አለው፣ ማገዶ አለው፣ ድካም አለው። የሌላውን ኅሊና አክብሮ እንዲህ መድከም ከአንድ ትሪ ከመብላት የሚያንስ ፍቅር አይደለም።

ማታ ላይ ከፈላና በር ውጭ ጅብ ሊያዩ ወጡ። ሥጋው በእንጨት ጫፍ ተሰክቶ ይዘረጋል፤ ጅቡ አንገቱን አስግጎ፣ ኋላውን ወደ ጨለማው እንዳደረገ፣ ቀስ ብሎ ይነጥቃል። ሚስትየዋ የባሏን ክንድ ጨምድዳ ይዛ፣ ትንፋሹን እስክትሰማ ቀርባ አየችው። ቱሪስት ለማዝናናት ነው የሚል ካለ ግንቡን ይመልከት። ጁገል ውስጥ ከሥር ዝቅ ብለው የተተው ቀዳዳዎች አሉ፤ ወራባ ኑዱል ይባላሉ፣ የጅብ መግቢያ ማለት ነው። ሌሊት ገብተው የከተማውን ትራፊ ይበላሉ። በአሹራ ቀን ደግሞ ትራፊ አይደለም የሚቀርብላቸው፤ ቅቤ የገባበት ገንፎ ነው። ከገንፎው ከግማሽ በላይ በልተው ጥቂት ካስቀሩ ዓመቱ ጥሩ ይሆናል ይባላል፤ ጨርሰው ከበሉት ወይም ጨርሶ ካልነኩት ግን ሰው ይጨነቃል። ከተማን በግንብ ካጠሩ በኋላ ለሚፈሩት አውሬ ቀዳዳ መተው፣ በበዓል ቀንም ድርሻውን ቅቤ ቀብቶ ማውጣት ትልቅ ሐሳብ ነው። ያንን ግንብ ያሠሩ ሰዎች ከጠላት ተጠንቅቀዋል፤ ደጅ ያለውን ግን አልረሱም።

ያን ሌሊት ሁለቱ በዚያ ቤት መደብ ላይ ተቀምጠው እስከ እኩለ ሌሊት አወሩ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ እናቷ አስቤዛ፣ እሱ ስለ ሰለቸው ሥራ፣ እሷ ስትፈራ ስለ ኖረችው አንድ ነገር። አዲስ አበባ ውስጥ እነዚህ ወሬዎች በታክሲ ወረፋና በቤት ሥራ መሐል ተቆራርጠው ይቀሩ ነበር። ሰኞ ጧት ወደዚያችው ቁርስ ቤት ተመልሰው ሌላ ፈቲራ አዘዙ። እሱ ጠቅልሎ አጎረሳት፤ ማሩ አገጯ ላይ ፈሰሰ።

ማክሰኞ ጧት ሠራተኛዋ የሦስት ቀን ፈቃድና የመንገድ ገንዘብ ይዛ ወደ እናቷ አገር ሄደች። ለአያትየው አንድ ኪሎ የሐረር ቡናና ሐልዋ ደረሳቸው፤ ከዚያ ወር ጀምሮ ደግሞ አስቤዛቸው ላይ ትንሽ ተጨመረ። በ2018 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይውላል፤ ሚያዝያ 23፣ የሠራተኞች ቀን፣ ዓርብ ነው፤ በዓለ ኀምሳ ስለሆነም አይጾምም። ባልና ሚስቱ ሦስቱን ቀን ከወዲሁ ይዘውታል። ልጆቹን የምታቆይላቸው የባልየው እህት ናት፤ ሠራተኛዋም በዚያ ሰንበት ዕረፍት ላይ ናት።